በብርድና በዝናብ ብስክሌት ለመንዳት ምን እንልበስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብርድና ዝናብ ሲመጣ ብስክሌታቸውን ከሚያስቀምጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከበደው አስቀምጫቸዋለሁ።

በዝናብ ስነዳ ዋናው ነገር አለመርጠብ ነው አይደል?

አይደለም፤ ዋናው አለመብረድ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። ዶፍ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ የነዳ ሰው በሆነ መንገድ መርጠቡ አይቀርም። ወይ ዝናቡ በአንገትጌው ይንቆረቆራል፣ ወይ የገዛ ላቡ ከውስጥ ያርሰዋል። ርሶም ሳይበርድ ቤት መግባት ግን ይቻላል። ገላ ላይ ያረፈው ጨርቅ ትክክለኛው ከሆነና ንፋስ ካልገባ እርጥበቱ ያን ያህል አይጎዳም።

ውሃ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል። ውሃ የቋጠረ ጨርቅ ገላ ላይ ተለጥፎ ንፋስ ሲመታው ሙቀታችሁን እየቀዳ ያወጣዋል ማለት ነው። ስለዚህ ልብስ ስትመርጡ «ዝናብ ያስገባል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ከራሰ በኋላስ ያሞቀኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእኔ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል።

ቆሜ ሳለሁ አይበርደኝም፤ ብስክሌት ላይ ስወጣ ግን የምንቀጠቀጠው ለምንድን ነው?

ንፋሱን ራሳችሁ ስለምትፈጥሩት ነው። ቅጠል የማያንቀሳቅስ ጸጥ ያለ ቀን ቢሆን እንኳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ፊታችሁን ይመታል። በአየር ትንበያ ላይ በሚሠራበት የንፋስ ቅዝቃዜ ስሌት መሠረት፣ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር በዚህ ፍጥነት ገላ ላይ እንደ 0 ዲግሪ ነው የሚሰማው። አየሩ ራሱ 0 ዲግሪ ከሆነ ከዜሮ በታች 6 ገደማ ይሆናል። ያውም ስሌቱ ለደረቅ ቆዳ ነው።

ንፋሱ የሚመታው ደግሞ ከፊት ነው። ደረት፣ ታፋ፣ ጉልበት፣ የእጅና የእግር ጣት ይቀዘቅዛሉ፤ ጀርባ ግን ያልበዋል። ጥሩ የብስክሌት ልብስ ከፊት ንፋስ የማያስገባ፣ ከኋላ ሳሳ ያለ ሆኖ የሚሰፋው ለዚህ ነው።

ስንት ልብስ ልደርብ?

አብዛኛውን ጊዜ ሦስት፤ ሦስቱም ቀጫጭን ይሁኑ። የሚያሞቀን ጨርቁ ራሱ አይደለም፤ በጨርቆቹ መካከል ታፍኖ የሚቀረው አየር ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ስትለብሱ ደግሞ ሲሞቃችሁ ግማሹን ማውለቅ አትችሉም።

ገላ ላይ የሚያርፈው ልክክ ያለ ስስ ልብስ ይሁን፤ ሥራው ላብን ከቆዳ ላይ ማንሳት ነው። መሃል ያለው ስስ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ፣ ጸጉራም ጨርቅ አየር ይይዛል። የላይኛው ንፋስና ዝናብ ይከለክላል። ዝናብ ከሌለ የላይኛው ስስ የንፋስ ጃኬት ቢሆን በቂ ነው። 10 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ጠንከር አድርጋችሁ የምትነዱ ከሆነ መሃለኛውን ተዉት።

ከቤት ስወጣ ሞቆኝ ልውጣ ወይስ በርዶኝ?

ትንሽ በርዷችሁ ውጡ። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በር ላይ ቆማችሁ ከተመቻችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ላብ በላብ ትሆናላችሁ። ከዚያ መብራት ላይ ስትቆሙ ያ ላብ ይቀዘቅዛል፤ ብርዱ የሚጀምረውም ያኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ታገሱ። ሙቀት ሲሰማችሁ ደግሞ ላብ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ዚፑን ቀድማችሁ ዝቅ አድርጉት።

ጥጥ ለምን አይሆንም? የምወደው ካናቴራ እኮ ጥጥ ነው።

ጥጥ ውሃን ክሩ ውስጥ ያስገባል፣ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይለቅም። ውሃው በጨርቁ መሃል የነበረውን አየር ያስወጣዋል። አየሩ ከወጣ ደግሞ የቀዘቀዘ ጨርቅ ገላ ላይ ተጣበቀ ማለት ነው።

እቤት ሞክሩት። የጥጥ ካናቴራና የፖሊስተር ማሊያ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ እኩል ጭመቁና ገመድ ላይ ጎን ለጎን ስጧቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማሊያውን ብትነኩት ሊደርቅ ደርሷል፤ ካናቴራው ግን ጫፉ ላይ ገና ውሃ አንጠልጥሏል። ያንን ካናቴራ ለብሳችሁ በንፋስ ላይ እንደምትነዱ አስቡት። ጂንስም ጥጥ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ካልሲና የውስጥ ሱሪም እንደዚያው ጥጥ መሆናቸውን ነው።

ሱፍ ይሻላል ወይስ ፖሊስተር?

ሁለቱም ከጥጥ ይሻላሉ፤ የሚሠሩበት መንገድ ግን ይለያያል። ሱፍ የራሱን ክብደት 30 በመቶ ያህል እርጥበት ክሩ ውስጥ ይዞ እንኳ ገላ ላይ እርጥብነቱ ብዙም አይሰማም። ክሩ የተጠማዘዘ ስለሆነ እርጥብ ሆኖም አየር ይይዛል። ለብዙ ቀን ተለብሶም እንደ ፖሊስተር አይሸትም። ፖሊስተር በበኩሉ ከ1 በመቶ ያነሰ ነው የሚመጠው፤ ስለዚህ በጣም ቶሎ ይደርቃል። ጉድለቱ ሽታው ነው፤ አንድ ቀን ካላበው ሳይታጠብ አይለበስም።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ረጅምና ዘገምተኛ ጉዞ ከሆነ ገላዬ ላይ ሱፍ ነው የማደርገው። አጭርና ጠንካራ ከሆነ ፖሊስተር። ሱፍ ይበላኛል የምትሉ ሰዎች ሜሪኖ የሚባለውን ስስ ሱፍ ሞክሩ፤ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ቆዳ አይወጋም።

«ውሃ የሚቋቋም» እና «ውሃ የማያስገባ» ምንና ምን ናቸው? ጃኬቱ ላይ ያሉት ቁጥሮችስ?

«ውሃ የሚቋቋም» የሚባለው ካፊያን ለተወሰነ ጊዜ ይመልሳል፤ ዶፍ ከመጣ ይሸነፋል። «ውሃ የማያስገባ» የሚባለው ውስጡ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለበት ነው። 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ጨርቁ ላይ 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ቢቆም እስከዚያ ድረስ አያንጠባጥብም ማለት ነው። ለብስክሌት 10,000 ጥሩ መነሻ ነው። ሁለተኛው ቁጥር በግራም ይጻፋል፤ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ስንት ግራም የላብ እንፋሎት እንደሚያስወጣ ይናገራል። ለብስክሌተኛ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ቁጥር ትልቅ ቢሆን ይሻላል።

ቁጥሩ ግን ስለ ጨርቁ እንጂ ስለ ስፌቱ አይናገርም። ጃኬቱን ገልብጡና ውስጡን እዩት። በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ፕላስተር የመሰለ ስስ ጥብጣብ ተለጥፎ ካልሄደ በመርፌው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ይገባል። ዚፑንም እዩት፤ ከኋላው የጨርቅ ከንፈር ከሌለው ደረታችሁ ላይ ቀጥ ያለ የእርጥብ መስመር ያሰምራል።

ጎርቴክስና መሰሎቹ በእርግጥ ላብ ያስወጣሉ? እኔ ውስጤ ይረጥባል።

ያስወጣሉ፤ ግን ልክ አላቸው። ጎርቴክስ ውሃ የማያስገቡ ጃኬቶች ውስጥ የሚገባው ስስ ሽፋን የንግድ ስም ነው፤ ስሙም የመጣው ከፈልሳፊው ነው። ሮበርት ጎር በ1969 እ.ኤ.አ. ፒቲኤፍኢ የሚባለውን ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሶ በድንገት ሲጎትተው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ነገር ሆነለት። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ በጣም ጠባብ ናቸው፤ ለእንፋሎት ግን ሰፊ። በ1976 ጨርቅ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። እንፋሎቱ የሚወጣው ግን ውስጡ ከውጭው ይልቅ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው። ውጭው ዝናብ ከሆነና የጃኬቱ ላይኛ ጨርቅ ከራሰ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል።

ጠንክሮ የሚነዳ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያስወጣ ጨርቅ የለም። ስለዚህ ብብት ስር የሚከፈት ዚፕ ያለውን ጃኬት ምረጡ፤ ከውስጥ የምትደርቡትን ቀንሱ፤ ዳገት ላይ ቀስ በሉ። ይህን ካላደረጋችሁ የቱንም ያህል ውድ ጃኬት ብትገዙ ትርፉ ላብ ነው።

እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ቤት ስትደርሱ ውስጣችሁን ዳስሱ። ትከሻ፣ አንገትና የእጅጌ ጫፍ ከረጠበ ዝናቡ ገብቷል። ብብት፣ የጀርባ መሃልና የክንድ ማጠፊያ ከረጠበ ላባችሁ ነው። ብዙ ሰው ያፈስሳል ብሎ የሚጥለው ጃኬት ምንም ያልሆነ ደህና ጃኬት ነው።

ድሮ ዝናቡ ጃኬቴ ላይ ይንከባለል ነበር፤ አሁን ይመጠዋል። አለቀለት ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አላለቀለትም፤ ቆሽሿል። ላይኛው ጨርቅ ላይ ውሃ የሚያንከባልል ስስ ቅብ አለ። ጭቃ፣ የገላ ቅባትና የሳሙና ቅሪት ያደነዝዘዋል። ዚፖቹን ዘግታችሁ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቡትና ሁለት ጊዜ አለቅልቁት። የልብስ ማለስለሻ በፍጹም አታስገቡ፤ ቅቡንም የጨርቁን መተንፈሻም ይደፍናል።

ከዚያ ሙቀት ያስፈልገዋል። ውስጡ ያለው ምልክት የሚፈቅድ ከሆነ በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አቆዩት፤ ወይ በላዩ ስስ ጨርቅ ዘርግታችሁ ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት። ሙቀቱ ቅቡን ያነቃዋል። ከዚህ በኋላም ውሃ ሲያርፍበት ካልተንከባለለ ለዚሁ የሚሸጥ የሚረጭ ቅብ አለ፤ እሱን ንፉበት።

ለእግር ጉዞ የገዛሁትን የዝናብ ጃኬት ብለብሰውስ?

ለአጭር መንገድ ይሆናል። ግን ብስክሌት ላይ እንደተቀመጣችሁ ሆናችሁ ሞክሩት፤ ጎንበስ በሉና እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ወገባችሁ ከተገለጠ ወይም እጅጌው አንጓችሁን አልፎ ከተሰበሰበ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። የብስክሌት ጃኬት ጀርባው ረዘም፣ እጅጌው ረዘም፣ ደረቱ ጠበብ ያለ ነው። ሰፊ ጃኬት ንፋስ ይሞላውና ወደ ኋላ ይጎትታችኋል። ቆብ ካለው ደግሞ ዞር ብላችሁ ስታዩ ቆቡ አብሮ ስለማይዞር ከኋላ የሚመጣውን መኪና ይጋርዳል። ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ሄልሜት ስር አታስገቡት።

የዝናብ ካባ ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ለቀስታ የከተማ መንገድ እውነት ነው። ከስር ክፍት ስለሆነ ላብ አያፍንም፤ እጅንና ታፋን አንድ ላይ ይሸፍናል። የጎን ንፋስ ባለበት ግን እንደ ሸራ ስለሚይዝ አይመከርም። ጎማው ላይ ፓራፋንጎ ከሌለ ደግሞ ውሃው ከስር ስለሚረጭ ጥቅም የለውም።

ጣቶቼ በቆፈን ይደነዝዛሉ። ምን ዓይነት ጓንት ልግዛ?

አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ያህል ካፊያ ውስጥ ነድቼ ቤቴ በር ላይ ደረስኩ። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁት፤ ማዞር ግን አልቻልኩም። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ መቆንጠጥ እምቢ አሉ። በሁለት መዳፌ መሃል አጥብቄ ይዤ ነው በሩን የከፈትኩት። እነዚያው ጣቶች ናቸው ከደቂቃዎች በፊት ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ የነበሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓንትን እንደ ምቾት ዕቃ ሳይሆን እንደ ፍሬን ክፍል ነው የማየው። በ1980 እ.ኤ.አ. ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ በሚባለው የቤልጂየም የብስክሌት ውድድር በረዶ ሲወርድ ከ174 ተወዳዳሪዎች የጨረሱት 21 ብቻ ነበሩ። ከ9 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ያሸነፈው በርናር ኢኖ እንኳ ጣቶቹ ላይ ለዓመታት የቆየ ጉዳት ተርፎታል።

ለ10 ዲግሪ አካባቢ ንፋስ የማያስገባ ስስ ጓንት ይበቃል። ወደ 5 ዲግሪ ከወረደና ከዘነበ ኒዮፕሪን የሚባለው የዋናተኞች ልብስ የሚሠራበት ላስቲክ መሰል ጨርቅ ጥሩ ነው፤ ውሃ ያስገባል ግን ይሞቃል። ከዚያ በታች ጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው የሚገቡበት ጓንት አለ። ጣቶቹ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ፣ ፍሬንም አያስቸግርም። ልኩን ስትሞክሩ ጣታችሁን ጭብጥ አድርጉ፤ ከጠበበ ደም ስለማይዘዋወር ወፍራም መሆኑ አይጠቅምም። በዝናብ ክንዳችሁ ወደ መሪው ስለሚያዘቀዝቅ ውሃው ወደ እጃችሁ ይወርዳል፤ ስለዚህ የጃኬቱ እጅጌ ከጓንቱ ላይ ይሁን።

ደረታችሁ ከበረደው ግን የትኛውም ጓንት አያድናችሁም። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ልብንና ሳንባን ለመጠበቅ ከጣት ላይ ደም ይቀንሳል። የጣት ብርድ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ደረት ላይ ያለው ልብስ ነው። ለረጅም መንገድ ትርፍ ደረቅ ጓንት በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ። ጣታችሁ በትንሽ ብርድ ሁሉ ወረቀት መስሎ የሚነጣና የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ጓንት ከመቀያየር በፊት ሐኪም አማክሩ።

የእግሬ ጣቶችስ? ሁለት ካልሲ ብደርብ አይሻልም?

ጫማው ሰፊ ካልሆነ ይብሳል። ሁለት ካልሲ ጠባብ ጫማ ውስጥ ሲታጨቅ ደም ይይዛል፤ አየርም አይቀርም። አንድ የሱፍ ካልሲ፣ ጣትን የሚያንቀሳቅስ ቦታ፣ ከላይ ደግሞ የጫማ ሽፋን ይሻላል። የእሽቅድምድም ጫማ ከሆነ ሶሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚያያይዘው ብረት የሚታሰርበት ቦታና አየር ማስገቢያው ቀዳዳ ነው። ከውስጥ በኩል በፕላስተር ድፈኑት።

ውሃ ወደ ጫማ የሚገባው በአብዛኛው ከላይ፣ በቁርጭምጭሚት በኩል ነው። የሱሪውን ጫፍ ከጫማ ሽፋኑ ውጭ ካደረጋችሁት ውሃው ወደ መሬት ይፈሳል፤ ሽፋኑ ውስጥ ከከተታችሁት ጫማችሁ ባልዲ ይሆናል። ሽፋን ከሌላችሁ ካልሲው ላይ ስስ ፌስታል አድርጋችሁ ጫማውን አጥልቁ። ላብ ይፈጥራል፣ ግን ንፋሱን ያግዳል። ቤት ስትገቡ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ክተቱ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይሩት። እሳት አጠገብ አታድርቁት፤ ሙጫው ይለቃል።

ስለ ልብስ ስንጠይቅ ሁሉም ሰው ፓራፋንጎ የሚያነሳው ለምንድን ነው?

ከሰማይ ከሚወርደው የባሰው ጎማ የሚያነሳው ስለሆነ ነው። የፊት ጎማ እግርን፣ የኋላ ጎማ መቀመጫንና ጀርባን ያጠጣል። ውሃው ደግሞ ቆሻሻ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም መንገዱ እርጥብ እስከሆነ ድረስ መርጨቱ አይቀርም። ለአንድ ዕቃ ብቻ አቅም ካላችሁ ከጃኬት በፊት ሙሉ ፓራፋንጎ ግዙ እላለሁ። የፊተኛው ጫፍ ወደ መሬት እስኪቀርብ ወርዶ ካልሆነ ግን እግር አያድንም።

በዝናብ ቁምጣ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፤ ቆዳ ቶሎ ይደርቃል ብለው። ልስማቸው?

አየሩ ሞቅ ያለ ከሆነ ስሟቸው። በቀዝቃዛ ቀን ግን አይሆንም። ጉልበት ሥጋ የለበትም፣ ከፊት ነው ያለው፣ ንፋሱም ሳያቋርጥ ይመታዋል። እኔ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ጉልበቴን እሸፍናለሁ። ውስጡ ለስላሳ የሆነ ታይት ከብዙ የዝናብ ሱሪ ይሻላል፤ ይረጥባል፣ ግን ይሞቃል። የዝናብ ሱሪ ለአጭር መንገድ፣ በተለይ የሥራ ልብስ ላይ ለሚደርብ ሰው ጥሩ ነው። ካቴናው ያለበትን ጎን ቁርጭምጭሚት ላይ በማሰሪያ እሰሩት፤ አለበለዚያ ይነክሰዋል።

እግር ላይ ቫዝሊን ወይም የሚያቃጥል ቅባት መቀባት ልብስን አይተካም። የሚያቃጥለው ቅባት ቆዳ ላይ የሙቀት ስሜት ይፈጥራል እንጂ ከሰውነት የሚወጣውን ሙቀት አያስቀርም።

ሄልሜት ስር ምን ላድርግ? መነጽሬስ?

ግንባር ላይ አጭር ጥላ ያለው ስስ የብስክሌት ቆብ። ጥላው ዝናቡን ከዓይንና ከመነጽር ይከላከላል፤ ዋጋው የሚታወቀው ዶፍ ሲመጣ ነው። ለከባድ ብርድ ጆሮ የሚሸፍነውን ምረጡ። ወፍራም የሹራብ ኮፍያ አታድርጉ፤ ሄልሜቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ማሰሪያውን ያላላዋል፤ ስትወድቁም እንደሚገባው አይጠብቃችሁም። ቆቡን ባደረጋችሁ ቁጥር ማሰሪያውን እንደገና አስተካክሉ። ለመነጽር ነጭ ወይም ቢጫ መስታወት ይሻላል፤ ስትቆሙ ጉም ከሠራ ወደ አፍንጫችሁ ጫፍ ዝቅ አድርጉት።

ደማቅ ቢጫ ልብስ ከለበስኩ ማታም እታያለሁ አይደል?

አትታዩም፤ ይህን ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ያ የሚያበራ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጥ ነው የሚደምቀው። ዳመናማ ቀንና አመሻሽ ላይ ግሩም ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን የመንገድ መብራት ስር እንደማንኛውም ቀለም ይሆናል። ማታ የሚሠራው የመኪናን መብራት ወደ ሹፌሩ የሚመልስ አንፀባራቂ ጨርቅ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው አንፀባራቂ ነው። ፔዳል ስትመቱ ወደ ላይ ወደ ታች ስለሚል ሹፌሩ ከሩቅ ሰው መሆኑን ይለያል። የዝናብ ጃኬት ደርባችሁ አንፀባራቂውን ከስር እንዳትቀብሩትም ተጠንቀቁ። መብራትን ግን የሚተካ ልብስ የለም።

ሥራ ቦታ ስደርስ ጭቃ በጭቃ እሆናለሁ። ምን ይሻላል?

የሥራ ልብሱን በቦርሳ መውሰድና እዚያው መቀየር። ቦርሳው ጀርባ ላይ ሳይሆን ብስክሌቱ ላይ ይሁን፤ የጀርባ ቦርሳ ካለ ጃኬቱ በዚያ በኩል ምንም ላብ አያስወጣም። ልብሱን ፌስታል ውስጥ አድርጉት፤ ካልሲና የውስጥ ልብስ አትርሱ። ለመመለሻ ያው እርጥብ ልብስ እንዳይጠብቃችሁ እንደደረሳችሁ አየር ያለበት ቦታ ስቀሉት።

ዳገት ላይ ያልበኛል፣ ቁልቁለት ላይ እንቀጠቀጣለሁ። ለአንዱ ስለብስ ለሌላው አይሆንም።

ለዳገቱ ልበሱ፤ ለቁልቁለቱ ያዙ። ዳገት ላይ ሙቀት ትፈጥራላችሁ፣ ንፋስ የለም። ቁልቁለት ላይ ሙቀት አትፈጥሩም፣ ንፋሱ እጥፍ ነው፣ ላቡ ገና አልደረቀም። መጨመር ያለባችሁ ጫፉ ላይ፣ ገና ሞቃችሁ ሳላችሁ ነው። ከበረዳችሁ በኋላ የለበሳችሁት ጃኬት ብርዱን ይዞ ያቆየዋል እንጂ አያሞቅም፤ ጣታችሁም ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል።

በ1988 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑ የጂሮ ዲታሊያ የብስክሌት ውድድር ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጋቪያን ተራራ በበረዶ ውሽንፍር ተሻገረ። ዮሃን ፋን ደር ቬልደ የሚባለው ተወዳዳሪ አጭር እጅጌ ለብሶ ጫፉን ቀድሞ ረገጠ፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ብርዱ አሸነፈው፤ ቆሞ ሊሞቅ ተገደደና ከ40 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። የሌላው ተወዳዳሪ የአንዲ ሃምፕስተን ቡድን ግን አስቀድሞ ከስኪ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ጓንትና ሙቅ ልብስ ገዝቶ ነበር። ሃምፕስተን የዕለቱን ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ የአጠቃላይ ውድድሩ መሪ የሚለብሰውን ማሊያ ያን ቀን ለብሶ እስከ መጨረሻው አላወለቀውም።

ድንገት ጃኬት ሳትይዙ ከተገኛችሁ የድሮ ተወዳዳሪዎች ዘዴ አለ። ጋዜጣ እጠፉና ደረታችሁ ላይ፣ ማሊያው ስር አስገቡ። ንፋስ ያግዳል፤ ሲረጥብ ትጥሉታላችሁ።

ልጄን ከኋላ ጭኜ እሄዳለሁ። እንደኔ ላልብሰው? የኤሌክትሪክ ብስክሌትስ?

እንደራሳችሁ አታልብሱት። እናንተ ፔዳል እየመታችሁ ትሞቃላችሁ፤ ልጁ ዝም ብሎ ተቀምጦ ንፋስ ይመታዋል። ውጭ ቆሞ ለረጅም ሰዓት ለሚጠብቅ ሰው እንደሚለበሰው አልብሱት፤ በተለይ የተንጠለጠሉት እግሮቹን። ሙቀቱን በእጁ ሳይሆን ማጅራቱ ላይ እጃችሁን አስገብታችሁ ፈትሹ። የሚንጠለጠል ሻርፕ አታድርጉለት፤ ጎማ ሊይዘው ይችላል። ወፍራም ጃኬት ካለበሳችሁት ቀበቶውን እንደገና ለኩ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ንፋሱ ያው ነው፣ እናንተ የምትፈጥሩት ሙቀት ግን ትንሽ ነው። በተራ ብስክሌት ከምትለብሱት አንድ ልብስ ጨምሩ። ላብ ስለማይበዛም ውሃ የማያስገባ ወፍራም ጃኬት እዚህ ላይ ጥሩ ነው።

መብረዱ አደገኛ ደረጃ ላይ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መንቀጥቀጥ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ያኔ ልብስ መጨመር ወይም መጠለል አለባችሁ። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጣት ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ ንግግር ይንተባተባል፣ ሰውየው ይደነጋገራል ወይም ግድ የለሽ ይሆናል። እየተንቀጠቀጠ የነበረ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ተሻለው አትበሉ፤ ባሰበት ማለት ነው። ይህ 0 ዲግሪ ላይ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። 8 ወይም 10 ዲግሪ ሆኖ ዝናብና ንፋስ ካለ፣ ሰውየውም ከደከመና ካልበላ ሊደርስ ይችላል።

አብሯችሁ የሚነዳ ሰው እንዲህ ከሆነ ከንፋስ አስጠልሉት። እርጥቡን አውልቁና ደረቅ አልብሱት፤ ጭንቅላቱንም ሸፍኑ። በደንብ የሚውጥና የሚያወራ ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ይጠጣ። አልኮል አትስጡት፤ ደም ወደ ቆዳ ስለሚስብ ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። እጅ እግሩንም አትሹት። ግራ ከገባው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ፈጥናችሁ የሕክምና እርዳታ ጥሩ። «ደህና ነኝ፣ እንሂድ» ቢላችሁም ብስክሌቱ ላይ እንዲወጣ አትፍቀዱለት።